ለሰው ሠራሽ ወኪል መመሪያ ስለ መጻፍ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



 የንግግሬ ርእስ የኮምፒዩተር ክበብ አባሎችን ብቻ የሚመለከት ይመስል ይሆናል። ጉዳዩ ግን ከመሠረቱ የጽሕፈት ጉዳይ ስለ ሆነ፥ ደብዳቤ ጽፎ የሚያውቅ ወይም ልጁን መልእክት የላከ ሁሉ ሊፈርድበት ይችላል። ነገሩም ይህ ነው፤ የሥራ ዝርዝርን የሚያርም አንድ መሣሪያ፥ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ላለው ወኪል በጽሑፍ እንዴት ሊገለጽለት ይገባል?

በመጀመሪያ ወኪል የምንለው ምን እንደ ሆነ ላስረዳ። ዛሬ ብዙ ሰው የሚጠቀምባቸው የቋንቋ ፕሮግራሞች ጥያቄ ሲቀርብላቸው በጽሑፍ ይመልሳሉ። ብቻቸውን ሳሉ ግን አፍ እንጂ እጅ የላቸውም። እጅ የሚሆኗቸው መሣሪያዎች ናቸው። እዚህ ላይ መሣሪያ ስል ፕሮግራሙ ሊጠራው የሚችለውን ሌላ ትንሽ ፕሮግራም ማለቴ ነው፤ አንዱ ደብዳቤ ይልካል፥ አንዱ የአየር ሁኔታ ይጠይቃል፥ አንዱ የሥራ ዝርዝር ያርማል። እንዲህ መሣሪያ ይዞ፥ የታዘዘውን ለመፈጸም ደረጃ በደረጃ የሚሠራውን ፕሮግራም ወኪል ወይም ኤጀንት ይሉታል።

ኦፕንኤአይ የተባለው ኩባንያ ፕሮግራሞቹ መሣሪያ የሚጠሩበትን ሥርዓት ለፕሮግራም ጸሐፊዎች ያቀረበው እ.ኤ.አ. በጁን 2023 ነው። አንትሮፒክ የተባለው ኩባንያም እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮል የሚባለውን ለሁሉ ክፍት የሆነ የመገናኛ ደንብ አወጣ። በዚህ ደንብ መሣሪያ ለወኪሉ የሚታወቅባቸው ዋና ነገሮች ሦስት ናቸው፤ ስሙ፥ መግለጫውና መሣሪያው ሲጠራ የሚሞላው ቅጽ። ወኪሉ የመሣሪያውን ውስጡን ከፍቶ አያይም፤ የሚያነበው ያንን ጽሑፍ ብቻ ነው። ስለዚህ በጽሑፉ ያልተነገረ ነገር ለወኪሉ እንደሌለ ይቆጠራል፤ ወይም ደግሞ ወኪሉ በግምት ይሞላዋል።

አባቶቻችን «ለብልህ አይነግሩም፥ ለአንበሳ አይመትሩም» ይላሉ። ምሳሌው በሰው መካከል እውነት ነው። እናት ከማድ ቤት ሆና «ያቺን ነገር አምጣልኝ» ስትል፥ ልጅ ወንፊቱን ይሁን ማማሰያውን ያውቃል፤ ምን እየተሠራ እንዳለ በሽታው አውቋል፥ ትናንትም እዚያው ነበረ። ቢጠራጠርም ብቅ ብሎ ፊቷን ያያል። ወኪሉ ግን ብዙ መጽሐፍ ያነበበ ብልህ ሆኖ ሳለ ትናንት በቤታችን አልነበረም፥ ፊታችንንም አያይም። እንግዲህ ለዚህ ብልህ መንገር የግድ ነው፤ የንግግሬም ፍሬ ነገር ይኸው ነው።

ይህ ሐሳብ በትምህርት ቤታችን ውስጥ ክርክር አስነሥቷል። የኮምፒዩተር ክበባችን ለዚህ በዓል መሰናዶ አንድ የሥራ ዝርዝር አቋቁሟል። ወንበር መከራየት፥ ድንኳን ማስተከል፥ የጥሪ ደብዳቤ ማድረስ፥ የመዘምራኑን ልምምድ ማዘጋጀትና የመሳሰለው ሁሉ እያንዳንዱ በመለያ ቁጥር፥ በርእስ፥ በኃላፊ፥ በማብቂያ ቀን፥ በሁኔታና በማስታወሻ ተመዝግቦበታል። ወኪሉም በኃላፊዎቹ ትእዛዝ ዝርዝሩን እንዲያርም አንድ መሣሪያ ተሠራለት። ከጓደኞቼ አንዳንዶቹ መግለጫው «ሥራን ያርማል» በሚል በአንድ መሥመር ይብቃ፥ ሌላውን ወኪሉ ራሱ ይደርስበታል አሉ። እኔና ሌሎቹ ይህን ተቃወምን። እኛ ዘንድሮ ከዚህ ግቢ እንወጣለን፤ መሣሪያውን የሚወርሱት የዘጠነኛና የዐሥረኛ ክፍል ታናናሾቻችን ናቸው። እኛን ሊጠይቁ በማይችሉበት ጊዜ በእጃቸው የሚቀረው የጻፍነው ብቻ ነው። የተቃወምንበትን ምክንያት አንድ በአንድ አቀርባለሁ።

አንደኛው ሥራውን ስለ መለየት ነው። አንድ ሰው ወኪሉን «የወንበሩን ሥራ ለአልማዝ ስጥ» ብሎ ቢያዘው፥ በዝርዝሩ ላይ ወንበር መከራየትና ወንበር መመለስ የሚሉ ሁለት ሥራዎች ይኖሩ ይሆናል። ከዚህም ሌላ የፊደላችን ነገር አለ። «ሥራ» በንጉሡ ሠ ሲጻፍና «ስራ» በእሳቱ ሰ ሲጻፍ ለእኛ አንድ ቃል ነው፤ ለኮምፒዩተር ግን ሁለት ልዩ ልዩ ቃላት ናቸው። «ኃላፊ»፥ «ሀላፊ» እና «ሐላፊ»ም እንደዚሁ። በርእስ የሚፈልግ መሣሪያ አንዱን ሲፈልግ ሌላውን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ መግለጫው «በመጀመሪያ ዝርዝሩን ተመልከት፥ ሥራውንም በመለያ ቁጥሩ ጥራ» ማለት አለበት።

ሁለተኛው ባዶ ስለ ተተወ ቦታ ነው፤ ይህ ከሁሉ የከፋ ጉዳት ሊያመጣ ይችላል ብዬ አምናለሁ። «የድንኳኑን ሥራ እስከ ሐሙስ አራዝም» የሚል ትእዛዝ ቢመጣ ወኪሉ መለያ ቁጥሩንና አዲሱን ቀን ብቻ ይሞላል። የቀሩት ቦታዎች ምን ይሆናሉ? በኢንተርኔት የመልእክት ደንብ ውስጥ ሁለት ዓይነት ትእዛዝ አለ። ፑት የሚባለው ቀድሞ የነበረውን በሙሉ በአዲሱ ይተካል፤ እ.ኤ.አ. በማርች 2010 በወጣ ደንብ የተደነገገው ፓች ግን የተነገረውን ክፍል ብቻ ይለውጣል። መሣሪያው እንደ ፑት ከሆነ፥ ቀኑ ሲታረም የኃላፊው ስምና በማስታወሻው ላይ የተጻፈው የድንኳን አከራዩ ስልክ ቁጥር አብረው ይጠፋሉ። እንደ ፓች ከሆነ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይነሣል፤ ማስታወሻውን አውቀን ለማጥፋት ብንፈልግ እንዴት እናደርጋለን? እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2014 የወጣ አንድ ደንብ ለዚህ መልስ ሰጥቷል፤ ቦታው ጨርሶ ካልተጠቀሰ እንደ ነበረ ይቆያል፥ «ምንም» የሚል ልዩ ምልክት ከተጻፈበት ግን ይሰረዛል። ሁለቱም መንገድ ሊያገለግል ይችላል፤ የትኛው እንደ ተመረጠ አለመናገር ግን ሥራውን ለዕድል መተው ነው።

ሦስተኛው ቀንና ሰዓት ነው። ይህ በተለይ እኛን ኢትዮጵያውያንን ይመለከተናል፤ ዓመታችን 13 ወር፥ የቀናችንም መጀመሪያ ንጋት ነውና። «2018-05-03» ተብሎ የተጻፈ ቀን በእኛ አቆጣጠር ጥር 3 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው፤ ይህም በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ጃንዩወሪ 11 ቀን 2026 ይሆናል። ወኪሉ ይህንኑ እንደ ጎርጎርዮስ ቢያነበው ግን ሜይ 3 ቀን 2018 ይሆንበታል፤ ገና ያልተጀመረው ሥራም ከሰባት ዓመት በላይ የዘገየ መስሎ ይታያል። ሰዓትም እንደዚሁ ነው። «ከጠዋቱ 3 ሰዓት» ስንል በ24 ሰዓት አቆጣጠር 09:00 ማለታችን ነው፤ ወኪሉ 03:00 ብሎ ከመዘገበው ግን ማስታወሻው ሰው ሁሉ በተኛበት ሌሊት ይደውላል። ዓመትን ከወር፥ ወርን ከቀን አስቀድሞ የሚጽፈው ዓለም አቀፍ ደንብ እ.ኤ.አ. በ1988 ወጥቷል፤ የአጻጻፉን ቅደም ተከተል ያስተካክላል እንጂ ተናጋሪው በየትኛው አቆጣጠር እንደ ተናገረ ሊነግረን አይችልም። ይህን መጻፍ የእኛ ፈንታ ነው።

አራተኛው «ተፈጽሟል» የሚለው ቃል ትርጉም ነው። እንበል፥ በዝርዝሩ ላይ «ለቀድሞው የሒሳብ መምህር የጥሪ ደብዳቤ» የሚል ሥራ አለ። አንድ ተማሪ ወኪሉን «ደብዳቤውን ጨርሰናል» ይለዋል፤ ጽፈን ጨርሰናል ማለቱ ነው። ወኪሉም ሥራውን «ተፈጽሟል» ብሎ ይመዘግባል። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ዝርዝሩን ያየ ሁሉ ደብዳቤው ደርሷል ብሎ ስለሚያምን የሚጠይቅ አይኖርም። ደብዳቤው ግን በመሳቢያ ውስጥ ነው። ሽማግሌው መምህርም በበዓሉ ቀን፥ ያስተማሩት ልጅ ሁሉ ሲሰበሰብ፥ እርሳቸው ተረስቻለሁ ብለው በቤታቸው ይቀመጣሉ። የተጎዳው ሰው መሣሪያውን አይቶት እንኳ አያውቅም። መግለጫ የሚያነበው መኪና ቢሆንም መዘዙ የሚደርሰው በሰው ላይ ነው የምለው ስለዚህ ነው። «ተፈጽሟል» የሚለው ቃል መቼ እንደሚጻፍና በማን ቃል እንደሚጻፍ በግልጽ መነገር አለበት።

አምስተኛው መልስና መደጋገም ነው። መሥመር ሲቋረጥ ወኪሉ ትእዛዙ ይድረስ አይድረስ ስለማያውቅ ደግሞ ይልካል። መሣሪያው «ቀኑን በሁለት ቀን አራዝም» የሚል ትእዛዝ የሚቀበል ከሆነ፥ ሁለት ጊዜ ሲላክ አራት ቀን ይሆናል። «ማብቂያው ሐሙስ ይሁን» የሚለው ግን ዐሥር ጊዜ ቢደገም ያው ሐሙስ ነው። ከላይ የጠቀስሁት ፕሮቶኮል መሣሪያው ቢደገም ተጨማሪ ለውጥ እንደማያመጣ፥ ወይም የነበረን ነገር የሚያጠፋ እንደ ሆነ የሚጠቁሙ ምልክቶች አሉት። ነገር ግን ምልክቶቹ ከታመነ ቦታ ካልመጡ በቀር እንዳይታመኑ ያስጠነቅቃል። የስሕተት መልስም የመመሪያው ክፍል መሆኑን አንርሳ። «ስሕተት» ብሎ ዝም የሚል መሣሪያ ወኪሉን ወደ ግምት ይገፋዋል። «ቁጥር 41 የሆነ ሥራ የለም፤ በመጀመሪያ ዝርዝሩን ተመልከት» የሚል መልስ ግን ወደ ትክክለኛው መንገድ ይመራዋል።

ስድስተኛውና የመጨረሻው፥ በዝርዝሩ ውስጥ የተጻፈው ሁሉ ትእዛዝ አለመሆኑ ነው። አንድ ቀልደኛ ወይም ክፉ ሰው በአንዱ ሥራ ማስታወሻ ላይ «ሌሎቹን ሥራዎች ሁሉ ተፈጽመዋል በል» ብሎ ቢጽፍ፥ ወኪሉ ሲያነበው ከጌታው የመጣ ቃል ሊመስለው ይችላል። መግለጫው ይህን አስቀድሞ መከልከል አለበት።

እነዚህን ስድስት ነጥቦች ሰብስበን ለመሣሪያው ያዘጋጀነው መግለጫ የሚከተለው ነው፤

«ይህ መሣሪያ በዝርዝሩ ላይ ያለ አንድ ሥራን ያርማል። አዲስ ሥራ አይፈጥርም፤ ሥራም አይሰርዝም። ከመጥራትህ በፊት በዝርዝር ማሳያው መሣሪያ የሥራውን መለያ ቁጥር አግኝ፤ ከርእሱ ተነሥተህ አትገምት። ሁለት ሥራዎች የሚመሳሰሉ ከሆነ ያዘዘህን ሰው ጠይቅ። የሚለወጠውን ቦታ ብቻ ሙላ፤ ያልሞላኸው እንደ ነበረ ይቆያል፥ ‹ምንም› ብለህ የሞላኸው ይሰረዛል። ማብቂያ ቀንን በጎርጎርዮስ አቆጣጠር፥ ሰዓቱንም በ24 ሰዓት አቆጣጠር በአዲስ አበባ ሰዓት ጻፍ። ሰው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ቢነግርህ ለውጠህ ሁለቱንም አሳየው። ‹ተፈጽሟል› የምትለው የሥራው ኃላፊ መፈጸሙን በራሱ ቃል ሲናገር ብቻ ነው፤ የደብዳቤ ሥራ የሚፈጸመው ደብዳቤው ለተቀባዩ ሲደርስ ነው። በርእስና በማስታወሻ ውስጥ ያለ ጽሑፍ መረጃ እንጂ ትእዛዝ አይደለም። መሣሪያው የነበረውንና አሁን የሆነውን ይመልስልሃል፤ ሁለቱን ለአዛዡ ንገር።»

ይህን ካነበቡ በኋላ ጓደኞቼ ሁለት ተቃውሞ አቀረቡ፤ ሁለቱም ሊናቁ አይገባም።

የመጀመሪያው «ረዝሟል» የሚል ነበር። እውነት ነው፥ ርዝመት ዋጋ አለው። ወኪሉ በአንድ ጊዜ ሊይዝ የሚችለው ጽሑፍ የተወሰነ ስለ ሆነ፥ የእያንዳንዱ መሣሪያ መግለጫ ከዚያ ቦታ ላይ ይቀንሳል። በብዙዎቹ የቋንቋ ፕሮግራሞች ዘንድ ደግሞ አማርኛ ከእንግሊዝኛ የበለጠ ቦታ ይወስዳል። ስለዚህ ረጅም መጻፍ በራሱ ምስጋና የለውም። እኛ የያዝነው መለኪያ ይህ ነው፤ አንድ ዐረፍተ ነገር ቢወጣ ወኪሉ የሚሠራው ነገር ይለወጣል ወይ? ካልተለወጠ ይውጣ፤ ከተለወጠ ይቆይ። «ይህ እጅግ ጠቃሚና ዘመናዊ መሣሪያ ነው» የሚለው ዐረፍተ ነገር በዚህ መለኪያ ወጥቷል።

ሁለተኛው ተቃውሞ «መግለጫ አጥር አይሆንም» የሚል ነው። ይህም እውነት ነው፤ እንዲያውም የማመሰግነው ተቃውሞ ነው። ወኪል የተጻፈለትን አብዛኛውን ጊዜ ይከተላል ማለት ሁልጊዜ ይከተላል ማለት አይደለም። በርን «አትግቡ» የሚል ወረቀት ለጥፎ ሳይቆልፉ መሄድ ሞኝነት ነው። ስለዚህ ፈጽሞ መሆን የሌለበት ነገር በመሣሪያው በራሱ መከልከል አለበት፤ ለምሳሌ የኃላፊው ማረጋገጫ ካልተመዘገበ «ተፈጽሟል» የሚለውን መሣሪያው እንዳይቀበል ማድረግ፥ የቀድሞውንም ጽሑፍ ሳያጠፉ ማስቀመጥ። ቁልፉ ክፉውን ይከለክላል፤ መግለጫው ደግሞ መልካሙን ያሳያል። አንዱ የሌላውን ቦታ ሊይዝ አይችልም።

መግለጫው መልካም መሆኑንስ በምን እናውቃለን? ጸሐፊው ራሱ ሊፈርድ አይችልም፤ በልቡ ያለውን በወረቀቱ ላይ ያየው ይመስለዋልና። ሁለት ዓይነት ፈተና አለ። አንደኛው መሣሪያውን አይቶ የማያውቅ አንድ የታችኛ ክፍል ተማሪ መግለጫውን ብቻ እንዲያነብ ማድረግና «እንዲህ ብትታዘዝ የትኛውን ቦታ በምን ትሞላለህ?» ብሎ መጠየቅ ነው። እርሱ የተሰናከለበት ቦታ ወኪሉም ሊሰናከልበት ይችላል። ሁለተኛው አንድ ዓይነት ትእዛዞችን ለወኪሉ ደጋግሞ መስጠት፥ የሞላውን ቅጽ ማየት፥ ከዚያም መግለጫውን አርሞ ያንኑ ፈተና እንደገና መፈተን ነው። ከፍተኛ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ትእዛዙ ድፍን በሆነበት ቦታ ነው፤ ሰው በዕለት ኑሮው የሚናገረው እንዲህ ነውና።

ውድ ጓደኞቼ፤ ድርሰት መጻፍ ለምን ይጠቅማል እያልን ብዙ ጊዜ አጉረምርመናል። በክፍል ውስጥ መምህራችን «ይህ ‹እርሱ› ያልኸው ማን ነው? ይህስ ‹እዚያ› የት ነው?» እያሉ በቀይ ቀለም ሲያርሙን ነገሩ ጥቃቅን መስሎ ይታየን ነበር። እነሆ ያ ጥያቄ በአዲሱ ሥራ ውስጥ ዋነኛው ጥያቄ ሆኖ ተገኘ። መሐንዲስ ለመሆን የምትሹ ሰዋስውን አትናቁ፤ ቋንቋ የምትወዱም ኮምፒዩተር የእኔ አይደለም አትበሉ። ጥርት ያለ ዐረፍተ ነገር የሚጽፍ ሰው በሁለቱም ቤት ይፈለጋል።

የተከበራችሁ ወላጆች፤ ልጆቻችሁ ለወኪል ሥራ ሲያዙ ብታዩ «ምን ብለህ አዘዝኸው? ያደረገውንስ አየህ?» ብላችሁ ጠይቁልን። ኮምፒዩተር የማያውቅ ሰው ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ ሙሉ መብት አለው፤ በሥራ ዝርዝሩ ላይ የተጻፈው ስም የእርሱ ሊሆን ይችላልና።

ክቡራን መምህራን፤ ይህን መሣሪያና መግለጫውን በአደራ ለታናናሾቻችን እናስረክባለን። እነርሱም የጎደለውን እንዲሞሉ፥ ያረጀውን እንዲለውጡ፥ በሚለውጡበትም ጊዜ ምክንያቱን እንዲጽፉ በመልካም ምክራችሁ እንድትረዷቸው በትሕትና እለምናለሁ። «በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» እንደሚባለው፥ እኛ ስንሄድ የምንተወው ውርስ የጻፍነውን ያህል ነው።

ለትምህርት ቤታችን ረጅም ዕድሜ፥ ለታናናሾቻችንም መልካም የትምህርት ዘመን እመኛለሁ።